ሴቴዋ ኮሶ

በአያቴ ቤት ጓሮ ሁለት የኮሶ ዛፎች ነበሩ። ቤቱ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ውርጩ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ደጋ ላይ ነው። ከዛፎቹ አንደኛዋ ሴት፣ ሌላው ወንድ ነበር። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያቴ ነው። ሴቴዋ ስታብብ ወደ ታች የተንዠረገገው ዘለላዋ ይቀላል፤ የወንዱ ዘለላ ግን ነጣ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። እምዬ እያልን የምንጠራት አያቴ የምትለቅመው የሴቴዋን አበባ ብቻ ነበር። አድርቃና ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣ፣ ለቸገረው ጎረቤት ሁሉ ታጠጣለች። ምሬቱን አንድ ጊዜ የቀመሰ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። አማርኛችን ትሉንም መድኃኒቱንም «ኮሶ» ብሎ በአንድ ስም መጥራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አጎቴ ቤት ሠራና ለበርና ለመስኮት ሳንቃ ፈለገ። ከሁለቱ ዛፎች የትኛው ይቆረጥ የሚል ክርክር እንኳ አልተነሣም። ወንዱ መድኃኒት አይሆንም፤ ቆሞ ምን ይሠራል? በአንድ ጠዋት ተገንድሶ አደረ። እምዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጉቶውን አየችና ነጠላዋን እንዳጣፋች ብዙ ዝም አለች። በመጨረሻ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በሉ እንግዲህ፤ እሷንም መካን አደረጋችኋት።»

ያን ጊዜ ነገሩን እንደ አሮጊት ምሬት ቆጠርኩት። ሴቴዋ ኮሶ በቀጣዩ ዓመት አበበች፤ በሚቀጥለውም አበበች። መድኃኒቱም አልተቋረጠም። ነገር ግን በአካባቢው የነበሩት ሌሎች ኮሶዎች አንድ በአንድ ለሳንቃና ለማገዶ እያለቁ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ከእሷ ሥር አንድም ችግኝ በቅሎ አላየሁም።

* * *

እምዬ ካረፈች በኋላ ያቺን ዛፍ የማትረፍ አሳብ በልቤ አደረ። ዛፏ አርጅታለች፤ ከግንዷ አንዱ ወገን ባዶ ሆኗል። አንድ ወዳጄ «ዛሬ እኮ ዛፍ በጠርሙስ ውስጥ ይባዛል» ቢለኝ፣ በሰው በሰው ብዬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪ ለማየት በቃሁ። በአገራችን ቲሹ ካልቸር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሙዝ፣ የድንችና የሸንኮራ አገዳ ችግኝ ነው። እኔ ግን የሄድኩት የአያቴን ዛፍ ይዤ ነበር።

ከደጅ ጫማዬን አስወልቀው ነጭ ካፖርት አለበሱኝ። በውስጥ ያለው ክፍል ከቤተ መጻሕፍት ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በመደርደሪያዎቹ ላይ በመጽሐፍ ፈንታ ጠርሙሶች መደርደራቸው ነው። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ፣ እንደ ጄሎ በረጋ ነገር ላይ፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ አረንጓዴ ቡቃያዎች ቆመዋል። ከላያቸው ነጭ መብራት ይበራል። አንዲት ወጣት ባለሙያ ከመስተዋት ፊት ተቀምጣ፣ ምላጯን በእሳት እያቃጠለች፣ ቡቃያውን እየከፈለች ወደ አዲስ ጠርሙስ ታዛውር ነበር። እጄን ሳስጠጋ ቀና ብላ «ጋሼ፣ እባክዎን አይንኩት፤ ሻጋታ ከገባበት ጠርሙሱ ሁሉ ያልቃል» አለችኝ።

«ልጄ፣ ከአንድ ቅርንጫፍ ስንት ዛፍ ታወጫለሽ?» አልኳት።

«ከተሳካልን ቁጥር የለውም። አንዱን አራት፣ አራቱን አሥራ ስድስት እያደረግን እንቀጥላለን።»

«ሁሉም እሷን ይመስላሉ?»

«ይመስላሉ ሳይሆን፣ እሷው ራሷ ናቸው።»

«እንግዲያ ሁሉም ሴት ናቸው ማለት ነው?»

ምላጯን አስቀመጠች። «ቅርንጫፉ ከሴት ዛፍ ከተቆረጠ፣ አዎ፤ ሁሉም ሴት ናቸው» አለችኝ።

ከዚያ ክፍል ስወጣ በጆሮዬ ያለው የባለሙያዋ ድምፅ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመታት በፊት ከጉቶው አጠገብ የሰማሁት የእምዬ ንግግር ነበር። የሰው ልጅ ዛፍን በጠርሙስ ማሳደግ እንዴት እንደቻለ፣ በዚህ ጥበብ ከምድር ሊጠፉ የነበሩ ዕፅዋት በእርግጥ ድነው እንደሆነ መመርመር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ያገኘሁትን እነሆ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

ታሪኩ የሚጀምረው ባልተሳካ ሙከራ ነው። በ1902 ጎትሊብ ሃበርላንት የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ሊቅ ከቅጠል ላይ ነጠላ ሕዋሶችን ለይቶ፣ በተመጠነ ውኃና ስኳር ውስጥ አኑሮ ጠበቃቸው። አሳቡ ትልቅ ነበር፤ እያንዳንዱ የዕፅዋት ሕዋስ ሙሉውን ተክል መልሶ የመሥራት አቅም በውስጡ ይዟል የሚል ነው። ሕዋሶቹ ለሳምንታት በሕይወት ቆዩ፤ አንዳንዶቹም ወፍረው ታዩ። አንዳቸውም ግን ለሁለት አልተከፈሉም። ሃበርላንት ውጤቱን ሳይደብቅ ጻፈና፣ ይህ መንገድ አንድ ቀን ወደ ትልቅ ነገር እንደሚያደርስ ተንብዮ ተወው።

ትንቢቱ እስኪፈጸም ሠላሳ ሰባት ዓመት ፈጀ። በ1939 በአሜሪካ ፊሊፕ ዋይት፣ በፈረንሳይ ደግሞ ሮዤ ጎትሬና ፒየር ኖቤኩር፣ አንዳቸው ከሌላው ተለይተው እየሠሩ፣ የዕፅዋትን ሕብረ ሕዋስ በጠርሙስ ውስጥ ያለ ገደብ ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ። ያሳደጉት ግን ቅርጽ የለሽ እብጠት ነበር፤ ሥርም ቅጠልም የለውም። ሕዋሱ ይራባል እንጂ ምን መሆን እንዳለበት አያውቅም።

ይህንን ቋጠሮ የፈታው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበረው የስዊድን ተወላጅ ፎልከ ስኩግ ነው። በ1955 እሱና ካርሎስ ሚለር፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ከሄሪንግ ዓሣ የዘር ፈሳሽ ከወጣና በሙቀት ከተቀቀለ ዲኤንኤ ውስጥ ሕዋስን የሚያስከፍል ንጥረ ነገር አገኙ፤ ስሙንም ካይኔቲን አሉት። በ1957 ደግሞ ዛሬ በየላቦራቶሪው የሚሠራበትን ሕግ አስታወቁ። ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ከበዛ ሕብረ ሕዋሱ ሥር ያወጣል፤ ሳይቶካይኒን የሚባሉት ከበዙ ቅጠልና ቀንበጥ ያወጣል፤ ሁለቱ ከተመጣጠኑ እብጠቱ እብጠት ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ የስኩግ ተማሪ የነበረው የሃዋይ ተወላጅ ቶሺዮ ሙራሺጌ መጣ። የትምባሆ ጭማቂ በጠርሙስ ውስጥ ባለው ሕብረ ሕዋስ ላይ ሲጨመር እድገቱ እጅግ እንደሚፋጠን አይቶ፣ በጭማቂው ውስጥ የተደበቀ አዲስ ሆርሞን አለ ብሎ መፈለግ ጀመረ። ሲመረምረው ከኃይሉ አብዛኛው የመጣው ከተራ የማዕድን ጨው ሆኖ ተገኘ። በ1962 ሁለቱ ያወጡት የጨው፣ የቫይታሚንና የስኳር ልክ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ባለሙያዋ በጠርሙሶቹ ውስጥ ያረጋችው ያ ጄሎ የሚመስል ነገር ከባሕር ተክል የሚገኝ አጋር ነው፤ በውስጡ ያለው ምግብ በመሠረቱ ከዚያ ልክ የተወረሰ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ጠፊ ተክል ያሰበ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ይጠይቁ የነበረው ሕዋስ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥበቡን ወደ ዱር አበባ ያስጠጋው ሌላ መንገድ ነበር፤ እሱም የኦርኪድ መንገድ ነው።

* * *

የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው። አንድ ፍሬ ሺዎችን፣ አንዳንዱም ከዚያ እጅግ የሚበልጡትን ይይዛል፤ ግን እንደ ባቄላ ወይም እንደ ስንዴ ለመንገዱ የያዘው ስንቅ የለውም። የአውሮፓ አትክልተኞች ለብዙ ዘመን ዘርተው የሚያበቅሉት ጥቂት ነበር። በ1899 ኖኤል ቤርናር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ በጫካ ውስጥ በቅጠል የተሸፈነ የኦርኪድ ፍሬ አገኘ፤ ዘሩ በብዛት በቅሏል። በማጉያ ሲመለከት በያንዳንዱ ቡቃያ ውስጥ ፈንገስ ገብቷል። የኦርኪድ ዘር ስንቁን የሚቀበለው በአፈር ውስጥ ካለ ፈንገስ እንደሆነ ያወቅነው በእሱ ነው። ቤርናር ሥራውን ሳይጨርስ በ1911 በሠላሳ ስድስት ዓመቱ አረፈ።

በ1922 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ነድሰን ሌላ ነገር አሳየ። ፈንገሱ የሚያቀርበው ስኳር ከሆነ፣ ስኳሩን እኛው በጠርሙስ ውስጥ ብንሰጠውስ? ሰጠው፤ ዘሩም ያለ ፈንገስ በቀለ። በ1960 ደግሞ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሞሬል የኦርኪድን የቀንበጥ ጫፍ በጠርሙስ ውስጥ እየቆራረጡ ያለ ማቋረጥ ማብዛት እንደሚቻል አስታወቀ። ሞሬል ይፈልግ የነበረው ከቫይረስ የነጻ ተክል ነበር። አበባ ነጋዴዎች ግን ወዲያው የተረዱት ሌላ ነገር ነው፤ አንድ የተዋበ ተክል ሺህ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የባለጸጋ ጌጥ የነበረው ኦርኪድ ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ መሸጡ መነሻው ከዚህ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ነድሰን የዘራው ዘር ነው፤ ሞሬል የቆረጠው ቀንበጥ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በጠርሙስ ውስጥ በመሆኑ አንድ ይመስላሉ። ዘር ግን የሁለት ወላጆች ልጅ ነው፤ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ይለያል። ቀንበጥ የአንድ ተክል ቅጂ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

* * *

በሰሜን እንግሊዝ የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ላይ «የእመቤት ጫማ» የሚሉት ኦርኪድ ይበቅል ነበር። አበባው ቢጫ ኮሮጆ አለው፤ እንደ ሕፃን ጫማ የተነፋ ነው። በዙሪያው እንደ ጥብጣብ የተጠማዘዙ ቡናማ ቅጠሎች አሉት። ውበቱ ለጥፋቱ ምክንያት ሆነ። ሰዎች ሥሩን እየቆፈሩ ወደ ገበያ አወጡት፤ ሰብሳቢዎችም ገዝተው በየአትክልታቸው ተከሉት። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ከአገሪቱ ጨርሶ እንደ ጠፋ ታመነ።

በ1930 በዮርክሻየር ሸለቆዎች ውስጥ አንድ ተክል ተገኘ። አንድ ብቻ! ያገኙትና ያዩት ጥቂት ሰዎች ቦታውን ደበቁት። ምስጢሩ ለአሥርተ ዓመታት ተጠበቀ፤ በሚያብብበት ወራት ዘበኛ ይቆምለት ጀመር። በ1970 የሚንከባከበው ኮሚቴ ተቋቋመ። ልብ በሉ፤ ተክሉ አልሞተም፤ በየዓመቱ ይለመልማል፤ ያብባልም። ነገር ግን የሚዳቀለው ሌላ ተክል በአካባቢው የለም። አበባውን የሚጎበኙት ትንንሽ ንቦች ከየት ብናኝ ያምጡለት? ከዓመት ዓመት ያብባል፤ ከሥሩ ግን ልጅ አይወጣም። ይህን ሳነብ ያየሁት ዮርክሻየርን ሳይሆን የአያቴን ጓሮ ነበር።

በ1983 በለንደኑ የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል፣ በሴይንስበሪ ቤተ ሰብ ድጋፍ፣ የኦርኪድ ጥበቃ ፕሮጀክት ተጀመረ። እዚህ ላይ ሊቃውንቱ የቀለለውን መንገድ ቢመርጡ ያቺን አንድ ተክል እየቆራረጡ ለማብዛት መሞከር ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። የመረጡት ዘርን ነው። ከብዙ ዘመን በፊት ከዱር ተቆፍረው በአትክልት ስፍራ የቀሩ ጥቂት ያገር ተክሎች ነበሩ፤ ያ የጥንት ዝርፊያ ሳያስበው መጠባበቂያ አኑሮ ነበር ማለት ነው። የአበባ ብናኝ በሰው እጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ተወሰደ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ዘሩ ቅርፊቱን ሳያጠነክር፣ ተሰብስቦ በጠርሙስ ውስጥ ተዘራ። ሙሉ በሙሉ የበሰለው ዘር በጠርሙስ ውስጥ እንቢ ባይ ነውና ጊዜውን ማወቅ ራሱ ዓመታት ፈጅቷል።

የመጀመሪያዎቹ ችግኞች በ1989 ወደ ዱር ተመለሱ። ብዙዎቹ ሞቱ። ቀንድ አውጣ የበላው አለ፤ ድርቅ የወሰደው አለ። ከጠርሙስ የወጣ ተክል እንደ ሆስፒታል ሕፃን ነው፤ ቅጠሉ ነፋስን አያውቅም፤ ሥሩም የአፈርን ፈንገስ አያውቅም። ከተተከሉት ውስጥ የመጀመሪያው ያበበው በ2000 ነው። ከመሬት ከገባ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አሥራ አንድ ዓመት ለአንድ አበባ! የጠርሙሱ ሥራ በወራት ይቆጠራል፤ የዱሩ ሥራ ግን በሰው ዕድሜ ይቆጠራል።

* * *

አንድ ብቻ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ በይበልጥ የሚያሳይ ታሪክ በደቡብ አፍሪካ አለ። በ1895 ጆን ሜድሊ ዉድ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በናታል፣ በንጎዬ ጫካ ዳር፣ ዘንባባ የሚመስል ታላቅ ተክል አገኘ። ይህ ተክል የሳይካድ ወገን ነው፤ ዳይኖሰሮችን ያየ ዘር ነው ይባላል። እንደ ኮሶ ሁሉ ወንድና ሴቱ በየራሳቸው ይቆማሉ። የተገኘው ወንድ ነበር። ሴት ተፈለገች፤ አልተገኘችም። ከሥሩ የሚያቆጠቁጡት ቅጥያዎች እየተነቀሉ በዓለም ዙሪያ ባሉ የዕፅዋት ማዕከላት ተተከሉ፤ አንዱ በ1899 ኪው ደርሶ እስከ ዛሬ አለ። በዱር የነበረው የመጨረሻው ግንድ በ1916 ወደ ፕሪቶሪያ ተወሰደ። ዛሬ በብዙ አገር ያሉት ሁሉ አንድ ወንድ ናቸው። በቁጥር በዝቷል፤ በእውነቱ ግን አልበዛም። ሴቲቱን በዚያ ጫካ ውስጥ መፈለጉ በእኛም ዘመን አልቆመም።

ከዚህ የተሻለ ዕድል ያጋጠመው የቡና ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በሮድሪገስ ደሴት፣ ጠፍቷል የተባለውን «ካፌ ማሮን» አንድ ተማሪ በ1980 ገደማ መንገድ ዳር አገኘው። ይህም አንድ ብቻ ነበር። በ1986 ቁርጥራጩ ኪው ደርሶ ሥር ሰደደ፤ አበባ በአበባ ሆነ፤ ፍሬ ግን እምቢ አለ። ቅጂ ከቅጂ ጋር ቆሞ ዓመታት አለፉ። በ2003 ካርሎስ ማግዳሌና የተባለ አትክልተኛ ብዙ ሞክሮ የመጀመሪያውን ዘር አገኘ። የተክሉ መዳን የሚቆጠረው ከዚያ ዘር ጀምሮ ነው፤ ወንድምና እኅት ያገኘው ያኔ ነውና።

* * *

አሁን ወደ ኮሶ ልመለስ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጎንደር ነገሥታት አገር ከ1769 ጀምሮ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮሶን ለአውሮፓ አስተዋወቀ። የዛሬው ሳይንሳዊ ስሙ፣ ሃጌኒያ አቢሲኒካ፣ የመጀመሪያ ክፍሉ የአንድ ጀርመናዊ ሊቅ፣ ሁለተኛው የእኛ አገር ስም ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት አበባው በአውሮፓ ፋርማሲዎች ይሸጥ ነበር። ከጽጌረዳ ቤተ ሰብ ነው፤ በወገኑ ውስጥ ሌላ ዝርያ የለም፤ ብቸኛ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭም በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ይገኛል፤ የእኛን ያህል ግን ማን ጠጣው?

ኮሶን የጎዳው መጥረቢያ ብቻ አይደለም። መድኃኒት የሚሆነው የሴቴዋ አበባ ስለሆነ፣ ዘለላው የሚቆረጠው ዘሩ ሳይራገፍ ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን ወንዱ ለሳንቃ ይወድቃል፤ በሌላ ወገን የሴቴዋ ዘር ከዛፉ ሳይወርድ ወደ ሙቀጫ ይገባል። የአያቴ ጓሮ የአገሪቱ ታሪክ ነበር። በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር፣ እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ አድርጎታል።

በ2005 ደግሞ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ፣ ከስዊድንና ከአዲስ አበባ መምህራኑ ጋር፣ ኮሶን በቲሹ ካልቸር የማብዛትን መንገድ በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳተመ። ሥራው በዚህ አላበቃም፤ ቀንበጡን በፈሳሽ ናይትሮጂን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አቀዝቅዞ ለዘመናት የማቆየትንም ነገር መርምሯል። ይህን ሳውቅ ኩራት ተሰማኝ። የአያቴ መራራ ዛፍ ከሃበርላንት በጀመረው ረጅም ሰንሰለት ላይ የራሷ ቀለበት አላት።

ስለዚህ ጥበቡን ማጣጣሌ እንዳይመስል። ዘሩ ለማይቀመጥ ተክል፣ አንድ ወይም ሁለት ለቀረ ዝርያ፣ ጠርሙሱ የመጨረሻ መጠጊያ ነው። ባይኖር ኖሮ የምንነጋገርባቸው አንዳንዶቹ አበቦች ዛሬ በደረቅ ወረቀት ላይ ብቻ በቀሩ ነበር። የምለው አንድ ነገር ነው። ጠርሙሱ የሚመልሰው የተሰጠውን ነው። አንዲትን እናት ብትሰጠው አንዲትን እናት ሺህ አድርጎ ይመልስልሃል፤ ከመቶ እናቶችና አባቶች ብትሰጠው ግን ደን ሊመልስልህ ይችላል። ጥያቄው የሚወሰነው በላቦራቶሪው ውስጥ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ገና ብዙዎቹ ዛፎች በቆሙበት ጊዜ ነው። አጎቴ መጥረቢያውን ባነሣበት ጠዋት ነው።

* * *

የእምዬን ዛፍ ወደ ላቦራቶሪው አልወሰድኳትም። ባለፈው ክረምት ሳይገባ ወደ አገር ቤት ወረድኩ። በደቡብ ጎንደር ከጥንቱ ደን የተረፈው በአመዛኙ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ነው፤ ከእኛ መንደር የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ አንድ ደብር ቅጥር ውስጥም ወንድና ሴት ኮሶዎች አብረው ቆመዋል። ለአለቃው ጉዳዬን ነገርኳቸው። አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ከዛፉ አንቆርጥም፤ የወደቀውን ግን ለቅመህ ውሰድ፤ ዘር የተፈጠረው ሊወሰድ ነው» አሉኝ። ከልዩ ልዩ ሴት ዛፎች ሥር ዘር ለቀምኩ፤ የአጎቴ ልጅም በመደብ አፈላልኝ። ከበቀሉት ውስጥ አሥራ አንዱ ውርጩን ተቋቁመው አለፉ። በአሮጌዋ ዛፍ ዙሪያ፣ ጉቶው በነበረበት በኩል፣ ተክለናቸዋል።

አጎቴ አሁን ሽማግሌ ነው። በበትሩ ተደግፎ ችግኞቹን አንድ በአንድ ተመለከተና «ወንዱ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እስኪያብቡ ድረስ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ነገርኩት። ያን ቀን ለማየት እሱ አይደርስ ይሆናል፤ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ትንሽ አሰበና የአጎቴን ልጅ ጠርቶ፣ ፍየሎቹ እንዳይገቡ ዙሪያውን በእሾህ እንዲያጥር አዘዘው።